ሰባቱን እርምጃ ያልተራመዱት ሙሽሮች፦ አንድ የህንድ ፍርድ ቤት ጉዳይ እና የአክስቴ ልጅ ሰርግ

የአክስቴ ልጅ ዱባይ ነው የምትሰራው፣ እዛው ሥራ ላይ ከተዋወቀችው የጉጅራት (የህንድ ግዛት ናት) ልጅ ጋር ሊጋቡ ነው፣ የሁለቱም ቤተሰብ ተስማምቷል፣ ሽማግሌም በቪዲዮ ኮል ተልኳል። አንድ ማታ ደወለችና "አንቺ ህንድ ተምረሻል፣ እስቲ ንገሪኝ፣ መጀመሪያ ለፕሮሰስ ወረቀቷን እንፈራረምና የሂንዱውን ሰርግ በሚቀጥለው ዓመት ተረጋግተን እንደግሳለን ብለናል፣ ምን ይመስልሻል?" አለችኝ። አፌ ላይ የመጣው "ምን ችግር አለው" ነበር፣ ምክንያቱም እኛ አገር አንድ ሰው ማዘጋጃ ሄዶ ከፈረመ አገባ ማለት ነው፣ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ራሱ (አዋጅ 213) በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት እና በባህል የሚፈጸመውን ሶስቱንም ጋብቻ ብሎ ይቀበላል፣ ስለዚህ ፊርማው ቀድሞ ድግሱ ቢከተል ማንም አይደነግጥም። ግን ከመመለሴ በፊት አንድ ጉዳይ ትዝ አለኝ፣ ከሁለት ዓመት በፊት አንብቤው ውስጤ የቀረ፣ እና "ቆይ ነገ ልደውልልሽ" ብያት ዘጋሁ። ያን ሌሊት ቁጭ ብዬ እንደገና አነበብኩት። እዚህ የምጽፈው እሱን ነው፣ ምክንያቱም የሂንዱ ሰርግ ለማዘጋጀት የሚያስብ ሰው፣ ሙሽራም ይሁን ሚዜ ይሁን ዲኮር የሚሰራ፣ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረው ነገር አላየሁም።

ጉዳዩን የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው ኤፕሪል 19 ቀን 2024 ነው (የህንዱን ቀን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ዳኞቹ ቢ.ቪ. ናጋራትና እና ኦገስቲን ጆርጅ ማሲህ ናቸው። የልጆቹን ስም አልጠራም፣ ስማቸው ለኛ ምንም አይጨምርልንም፣ የራሳቸው ሕይወት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው የሄደው። በማርች 2021 ተጫጩ። ከአራት ወር በኋላ፣ ጁላይ 7 ቀን 2021፣ ጋብቻ ፈጽመናል ተባለ፣ የጋብቻ ሰርተፍኬት የሚሰጥ አንድ ማኅበር ወረቀት ሰጣቸው፣ እነሱም ያንን ወረቀት ይዘው ሄደው በኡታር ፕራዴሽ ግዛት የ2017 የጋብቻ ምዝገባ ደንብ መሠረት ኦፊሴላዊ የምዝገባ ሰርተፍኬት አወጡ። ሁለት ሰርተፍኬት ማለት ነው፣ አንዱ የማኅበር፣ አንዱ የመንግሥት። እሳት ግን አልነደደም፣ ፓንዲት (የሂንዱ ካህን ማለት ነው) አልመጣም፣ ሰባቱን እርምጃ አልተራመዱም። ለምን እንደዛ አደረጉ ሲባሉ ሁለቱም ለፍርድ ቤቱ የተናገሩት በወቅቱ በነበረባቸው አጣዳፊ ሁኔታ እና ጫና ነው የሚል ነው። እውነተኛውን ሰርግ በሂንዱ ወግ ሊደግሱ ቤተሰቦቻቸው ኦክቶበር 25 ቀን 2022ን ቆረጡ። እስከዛ ለየብቻ ነው የኖሩት። በመሀል ግን ተጣሉ።

ከዛ በኋላ ያለው ቶሎ ይነገራል፣ ግን ሲኖሩት ቶሎ ያለፈ አይመስለኝም። ከዳሄጅ ጋር የተያያዘ የወንጀል ክስ ተከፈተ፣ ዳሄጅ የኛ ጥሎሽ ተገልብጦ ማለት ነው፣ ከሴቷ ቤት ወደ ወንዱ ቤት የሚሄድ ገንዘብና ዕቃ፣ በሕግ ከ1961 ጀምሮ ክልክል ነው ግን አልጠፋም። በ2023 እሱ ቢሃር ውስጥ ባለ የቤተሰብ ፍርድ ቤት የፍቺ ጥያቄ አቀረበ። እሷ ደግሞ መዝገቡ ወደ ጎረቤት ግዛት፣ ወደ ጃርክሃንድ፣ እንዲዛወርላት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጠየቀች። ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሱት እንግዲህ በዚህች በዝውውር ጥያቄ ብቻ ነው። ግን እዛ ከደረሱ በኋላ ሁለቱም አንድ ላይ ሆነው ሌላ ማመልከቻ አስገቡ፣ "እኛ እኮ መጀመሪያውኑ አልተጋባንም፣ ይሄንን አረጋግጡልን" የሚል።

ፍርድ ቤቱም አዎ አለ። የጁላይ 7ቱ ነገር በ1955ቱ የሂንዱ ጋብቻ ሕግ አንቀጽ 7 መሠረት ጋብቻ አይደለም፣ የማኅበሩም የመንግሥቱም ሰርተፍኬት ዋጋ የለውም፣ ሁለቱ ባልና ሚስት ሆነው አያውቁም፣ ስለዚህ የፍቺውም የቀለቡም የወንጀሉም መዝገብ ይዘጋ። የሌለ ጋብቻ አይፈታማ።

አሁን ይሄ ለኛ ሰው ለምን እንግዳ እንደሚሆን ልንገራችሁ። እኛ የመንግሥት ማህተም ካየን በቃ፣ ነገሩ አልቋል ብለን ነው የምናስበው። የህንዱ ሕግ ላይ ግን ምዝገባ (አንቀጽ 8) የተፈጸመ ጋብቻን ማስረጃ ለመያዝ የተደነገገ ነው እንጂ ጋብቻን አይወልድም። ጋብቻን የሚወልደው አንቀጽ 7 ነው፣ እሱ የሚለው ደግሞ ጋብቻው ከተጋቢዎቹ በአንዱ ወገን ወግና ሥርዓት ይፈጸማል፣ ያ ሥርዓት ሳፕታፓዲን የሚጨምር ከሆነ (ሙሽራውና ሙሽሪት በተቀደሰው እሳት ፊት አብረው የሚራመዱት ሰባት እርምጃ) ጋብቻው ሙሉ የሚሆነውና የሚጸናው ሰባተኛው እርምጃ ሲረገጥ ነው። ሕግ አውጪ ቁጭ ብሎ "ሰባተኛው እርምጃ" ብሎ ጽፏል እኮ፣ መጀመሪያ ሳነበው ደጋግሜ ነው ያየሁት። ስድስተኛው ላይ ብትቆም ገና ነህ።

ይሄ ደግሞ በ2024 ድንገት የመጣ ሀሳብ አይደለም። በ1965 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ የሁለት ሚስት ክስ ላይ ጋብቻ ተፈጸመ የሚባለው በተገቢው ሥርዓትና ወግ ሲከበር ነው ብሎ ወስኗል፣ ሁለተኛዋ ጋር የተደረገው ነገር ዋናው ሥርዓት ስለጎደለው ሰውየው በድርብ ጋብቻ ሳይቀጣ ቀረ። ታዲያ ሰው እንዴት ተሳሳተ ብትሉ፣ በ2006 ራሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግዛቶች የሁሉንም ጋብቻ ምዝገባ ግዴታ እንዲያደርጉ አዝዞ ነበር፣ ለሴቶች ጥበቃ፣ ለልጅ ጋብቻ መከላከያ፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ከዛ በኋላ ግዛቶቹ ደንብ እያወጡ ምዝገባ በየቦታው ተለመደ፣ እና ቀስ በቀስ ሰዉ ጭንቅላት ውስጥ ምዝገባው ራሱ ጋብቻ መሰለ። ፍርዱ ላይ ዳኞቹ ይህንን በግልጽ አንስተውታል፣ ወጣቶች በተለይ ውጭ አገር ለመሄድ የቪዛ ማመልከቻ ሲኖርባቸው ጊዜ ለመቆጠብ ብለው ቀድመው ያስመዘግባሉ፣ ሰርጉን ለኋላ ያቆዩታል፣ ያ ሰርግ ሳይሆን ቢቀርስ ምን ይሆናሉ ብለው ጠይቀዋል። እዚህ ጋ ስደርስ የአክስቴ ልጅ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፣ "ለፕሮሰስ"። እኛ ቤት ይሄ ቃል ስንት ሰው አፍ ላይ አለ፣ አሜሪካ ላለው፣ ካናዳ ላለው፣ አውሮፓ ላለው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፣ ፍርዱ አያነሳውም፣ እኔ ሰርግ የማዘጋጀት ሥራ ላይ ስለሆንኩ ቀን ሳይ ካላንደር መክፈት ልማድ ሆኖብኝ ያየሁት ነው። ለእውነተኛው ሰርግ የተቆረጠው ኦክቶበር 25 ቀን 2022 የዲዋሊ (ትልቁ የሂንዱ የብርሃን በዓል) ማግስት ነው፣ ዲዋሊ በዛ ዓመት ኦክቶበር 24 ነበር፣ እና በማግስቱ፣ በ25 ማለት ነው፣ በአብዛኛው ህንድ የሚታይ ከፊል የፀሐይ ግርዶሽ ነበር። የሂንዱ ወግ የሚጠብቅ ቤት በግርዶሽ ቀን ምግብ አያበስልም፣ ቤተ መቅደስ ይዘጋል፣ ሰርግማ አይታሰብም። ከዛም በላይ ወቅቱ ቻቱርማስ የሚባለው አራት ወር ውስጥ ነው፣ ቪሽኑ የሚሉት አምላካቸው የተኛበት ጊዜ ነው ይላሉ፣ ሰሜን ህንድ ላይ ብዙ ቤተሰብ በዚህ ጊዜ አይድርም፣ የሚነቃበት ኤካዳሺ የሚሉት ቀን በዛ ዓመት ኖቬምበር 4 ላይ ነበር፣ አስር ቀን ብቻ ቢጠብቁ ማለት ነው። ሁሉም ቤት ይሄን ይጠብቃል አልልም፣ የደቡቡ ከሰሜኑ ይለያል፣ ቤተሰቡም የራሱ ምክንያት ይኖረዋል፣ ልወቅሳቸው አይደለም። ግን እኔ ላይ የቀረው ሀሳብ ይሄ ነው፦ ወረቀቱ ሲቀድም ሰርጉ የቀረ ሥራ ይሆናል፣ ክፍት የሆነ ቀን ተፈልጎ የሚገባ፣ አዳራሽና የዕረፍት ቀን ታይቶ። በወጉ ቢሆን ግን ሁሉ የሚጀምረው ከቀኑ ነው። ፓንዲቱ የሁለቱን የኮከብ ሰንጠረዥ አይቶ ሙሁርታ የሚሉትን ያወጣል፣ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱን ከነደቂቃው፣ አዳራሽ የሚፈለገው ለሱ ነው። እኛም ጋ አብይ ጾም ላይ ሰርግ የለም አይደል፣ ጥር ሲገባና ከፋሲካ በኋላ ነው አዳራሽ የሚጠፋው፣ ስለዚህ ይሄ ለሀበሻ ለማስረዳት ከባድ አይደለም።

ስለ ሳፕታፓዲ በደንብ ላውራ፣ ምክንያቱም ፍርዱን ሳነብ የታየኝ የሕጉ አንቀጽ ሳይሆን ህንድ ፑኔ ከተማ ተማሪ ሳለሁ የሄድኩበት ሰርግ ነው። የክፍሌ ልጅ እህት ሰርግ ነበር፣ የማራታ ቤተሰብ ናቸው። ሙሽራውና ሙሽሪት ፊት ለፊት ቆመው በመሀላቸው ነጭ ጨርቅ ተይዟል፣ አንዳቸው አንዳቸውን አያዩም፣ ዜማ ይዜማል፣ እኛ እንግዶቹ እጃችን ላይ የተቀባ ሩዝ ይዘን ቆመናል፣ በየዜማው መሀል እንበትናለን፣ ከዛ የተቆረጠችዋ ደቂቃ ስትደርስ ጨርቁ ተነሳ፣ አበባ ተለዋወጡ፣ ሙዚቃው ፈነዳ፣ ሰው ሁሉ አጨበጨበና ወደ ምሳ ሄደ። እኔም ተነሳሁ። የጓደኛዬ እናት፣ ካኩ ነው የምንላቸው፣ እጄን ያዙኝና "ወዴት ነው፣ ገና እኮ አልተጋቡም" አሉኝ። አዳራሹ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም፣ ካሜራማኑ እንኳን አንዱ ሊበላ ሄዷል፣ ዳሱ ስር (ማንዳፕ ይሉታል፣ በአራት ምሰሶ የቆመ፣ ዳስ ነው በቃ) አስራ አምስት የምንሆን ሰዎች ቀረን። እሳቱ ነደደ፣ ንጥር ቅቤ ተጨመረበት፣ የቅቤው ሽታ ልክ እናቴ ቅቤ ስታነጥር ነበር የሚሸተኝ እና አገሬ ትዝ ብሎኝ አይኔ እንባ አቅርሯል። ወንድሟ መጣና እጇ ላይ የፈካ ሩዝ አደረገላት፣ የኛ ፈንዲሻ ዓይነት፣ እሷ ባሏ እጆቿን ከስር ይዞላት ወደ እሳቱ ለቀቀችው። ድንጋይ ላይ ቆመች፣ እንደዚህ ድንጋይ ጽኚ እየተባለች። ከዛ መሬቱ ላይ ሰባት ትንንሽ የሩዝ ክምር ተደረደረና አንድ በአንድ እየረገጠች ሄደች፣ እሱ አጠገቧ።

ካኩ እያንዳንዱን በጆሮዬ ይነግሩኝ ነበር። አንደኛው ለምግብ ነው። ሁለተኛው ለጉልበት፣ ሶስተኛው ለሀብት፣ አራተኛው ለደስታ፣ አምስተኛው ለልጆች፣ ስድስተኛው ለወቅቶች፣ ክረምትም በጋም አብሮ ለመሆን። ሰባተኛው ለጓደኝነት ነው። ሰባተኛው ላይ ሙሽራው የሚለው በሳንስክሪት ነው፣ "ሳካ" የምትለዋ ቃል አለችበት፣ ወዳጅ ማለት ነው፣ ሰባት እርምጃ አብረን ሄደናልና ወዳጄ ሁኚ ይላታል። ጌታዬ ሁን፣ ተገዢልኝ ምናምን አይደለም። ጓደኛዬ። የ2024ቱ ፍርድ ላይም ዳኞቹ ይሄንኑ ጠቅሰው የሪግ ቬዳውን (የጥንቱ የሂንዱ ቅዱስ መጽሐፍ) ቃል አንስተው በሰባቱ እርምጃ ወዳጆች ሆኑ የሚለውን አስቀምጠውታል፣ እዛ ቦታ ላይ ስደርስ ካኩ ትዝ አሉኝ። የክፍሌ ልጅ እህት ሰባተኛውን ስትረግጥ ካኩ እጄን ለቀቁኝና "አሁን ሂጂ ብይ" አሉኝ።

እንግዲህ ያ አዳራሽ ላይ የወጣውን ገንዘብ አስቡት፣ አበባው፣ መብራቱ፣ ባንዱ፣ ስድስት መቶ ሰው የበላው ምሳ። ሕጉ ግን የሚጠይቀው ያቺን አስራ አምስት ሰው ያያትን ሃያ ደቂቃ ነው። እኔ እዚህ አዲስ አበባ ሰርግ ሳዘጋጅም ይሄ ነገር ያመኛል፣ ለስቴጁና ለመኪናው ሶስት ወር እንጨነቃለን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሰዓት ደግሞ "ጠዋት ነው አይደል" ብለን እናልፋለን። ዳኞቹ ሰርግ የዘፈንና የጭፈራ፣ የመብልና የመጠጥ ዝግጅት አይደለም፣ ዳሄጅና ስጦታ የሚጠየቅበት አጋጣሚም አይደለም፣ የንግድ ውልም አይደለም ብለው ሲጽፉ በጣም ነው የተሰማኝ።

የትኛው ሥርዓት ነው ግዴታ የሚለው ግን ሰፊ ነው፣ ሰዉ እንዳይደነግጥ ልበል። ካንያዳን የሚሉት አለ፣ አባት የልጁን እጅ ለሙሽራው የሚሰጥበት፣ በጣም የሚያስለቅሰው ክፍል እሱ ነው፣ ግን በማርች 2024 የአላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ካንያዳን ለጋብቻው መጽናት ግዴታ አይደለም ብሏል፣ አንቀጽ 7 የሚያነሳው ሳፕታፓዲን ነው። አባት የሌላት ልጅ ሰርጓ አይጎድልም ማለት ነው። ታሚል ናዱ የምትባለው ግዛት ደግሞ ጭራሽ የራሷ አንቀጽ አላት፣ 7ሀ፣ በ1967 የገባ፣ ፔሪያር ከሚባለው የታሚል የለውጥ መሪ የራስ ክብር ንቅናቄ የመጣ፣ ካህን ሳያስፈልግ ዘመድ ወዳጅ ባለበት ባልና ሚስት እንሆናለን ብለው አበባ ወይ ቀለበት ከተለዋወጡ ወይም ታሊ የሚባለውን የአንገት ክር ካሰረላት ይጸናል። ስለዚህ ሕጉ ሁሉንም ሰው አንድ ዓይነት ሰርግ ደግስ አይልም፣ የሚለው የራስህን ወገን ወግ በእውነት ፈጽመው ነው።

እና እዚህ ላይ የሚያሳስበኝን ካልተናገርኩ ልቤ አያርፍም። በዚህ ጉዳይ ሁለቱም ሥርዓቱ አልተፈጸመም ብለው ተስማምተዋል፣ ስለዚህ ቀላል ሆነ፣ ነጻ ወጡ። ግን አንዱ ብቻ ቢክድስ? አንዲት ሴት አስር ዓመት ትዳር ይዛ፣ ልጅ ወልዳ፣ ባሏ "ሳፕታፓዲ አልሄድንም፣ አስመስክሪ" ቢላትስ? ለረጅም ጊዜ እንደ ባልና ሚስት ለኖሩ ሰዎች የህንድ ፍርድ ቤቶች ጋብቻ እንዳለ ግምት የሚወስዱበት አካሄድ አለ፣ እሱ ይረዳታል፣ ግን በክርክር ነው፣ በጠበቃ ነው፣ በዓመታት ነው። ለዚህ ነው እኔ ለማንም የምመክረው ቪዲዮ የሚቀርጸው ሰው ምሳ የሚበላው ከሰባተኛው እርምጃ በኋላ ነው የምለው። መግቢያው ላይ የሙሽሪትን ጫማና የመኪናውን ጎማ ሁለት ሰዓት ቀርጸው እሳቱ ጋ ሲደርስ ባትሪ የሚቀይሩ አሉ። የጥሪ ካርዱ፣ የፓንዲቱ ስምና አድራሻ፣ አጠገብ የቆሙት ምስክሮች፣ የእርምጃው ምስል፣ እነዚህ በኋላ ምዝገባ ሲኬድም ጭቅጭቅ ሲመጣም የሚያስፈልጉ ናቸው።

በማግስቱ የአክስቴ ልጅ ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ የነገርኳት ጉዳዩን ነው፣ ከላይ እንደጻፍኩት። ቀጥዬ ግን የእሷ ነገር ከልጆቹ በአንድ ነገር እንደሚለይ ነገርኳት፣ ይሄ ህንዳዊ ለምታገባ ወይ ለሚያገባ ሀበሻ ሁሉ የሚጠቅም ነው፦ የ1955ቱ የሂንዱ ጋብቻ ሕግ የሚሠራው ሁለቱም ሂንዱ ሲሆኑ ነው (ቡድሂስት፣ ጃይን እና ሲክን በዚህ ሕግ ሂንዱ ውስጥ ይደምራቸዋል)። በ2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ ክርስቲያን ከአንዲት ሂንዱ ጋር በሂንዱ ሥርዓት ያደረገው ጋብቻ በዚህ ሕግ ጋብቻ አይደለም ብሎ ወስኗል። እሷ ክርስቲያን ናት፣ ሃይማኖቴን አልቀይርም ብላለች፣ እሱም አልጠየቃትም። ስለዚህ እሷ እሳቱን ሰባት ጊዜ ሳይሆን ሰባ ጊዜ ብትዞር እንኳን በህንድ ሕግ ሚስቱ አትሆንም። ለነሱ ያለው መንገድ የ1954ቱ ልዩ የጋብቻ ሕግ ነው፣ የተለያየ ሃይማኖት ያላቸው የሚጋቡበት፣ ከሁለቱ አንዱ ቢያንስ 30 ቀን በወረዳው የኖረ መሆን አለበት፣ ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ ሌላ 30 ቀን ይጠበቃል፣ ከዛ ሶስት ምስክር ባለበት ይፈራረማሉ። ወይም ደግሞ ከህንድ ውጭ ከሆኑ የ1969ኙ የውጭ አገር ጋብቻ ሕግ አለ፣ በህንድ ኤምባሲ ወይ ቆንስላ በኩል የሚኬድበት።

"እንግዲያው ወረቀቱ ይቅደም ማለት ነው" አለች። አዎ፣ ግን ትክክለኛው ወረቀት። "ሰርተፍኬት በሶስት ቀን እናወጣለን" የሚል ደላላ ሳይሆን፣ በሂንዱ ሕግ ስር የሚያስመዘግባት ሳይሆን። እና ሕጉ በፊርማ ካለቀ ሥርዓቱን ለይስሙላ እንዳታደርጉት አልኳት፣ ለአማቶችሽ ጋብቻው እሳቱ ጋ ነው፣ የባልሽ እናት ሚስቱ ነሽ ብላ ከልቧ የምትቀበልሽ እዛ ነው። የሃይማኖቷን ነገር፣ የትኛው ላይ ቆማ የትኛውን እንደምትተው፣ እኔ የምመልሰው አይደለም፣ ከንስሐ አባቷና ከእናቷ ጋር እያወራች ነው፣ ያ ንግግር ቀላል አልነበረም፣ እናቷ አልቅሰዋል። እሱም ቤተሰቡን አስጠይቆ ለጣዖት የሚሰገድበትን ክፍል እሱ ብቻውን እንዲፈጽም ፓንዲቱ ተስማምቷል።

ከዛ ቁጭ ብለን ዕቅዱን ገለበጥነው። እሷ የጀመረችው እንደ ሁሉም ሰው ነበር፣ አሕመዳባድ አንድ ሆቴል ቀብድ ልትከፍል፣ የዲኮር ፓኬጅ አይታ፣ ሌሄንጋ (ቀሚሱ) አዝዛ። እኔ ሆቴሉን ተይው፣ መጀመሪያ ፓንዲቱን ያዙ አልኩ። ፓንዲቱ ቀኑን ያውጣ። ከዛ ሆቴሉን የመጀመሪያ ጥያቄ አድርጋችሁ የምትጠይቁት ዋጋውን ሳይሆን እሳት ይፈቅዳል ወይ ነው፣ ህንድ ውስጥ ችግር ላይሆን ይችላል፣ ውጭ አገር ግን ጣሪያው ላይ የጭስ ጠቋሚ ያለበት አዳራሽ ክፍት እሳት አልፈቅድም ብሎ በመጨረሻ ሰዓት ሰው ያስለቅሳል። ከዛ ደግሞ ሰዎቹ። የጉጅራት ሰርግ ላይ ሙሽሪትን ወደ ማንዳፕ የሚያመጣት የእናቷ ወንድም ነው፣ ማማ ይሉታል፣ ከሰርጉ በፊትም ስጦታ ይዞ የሚመጣበት የራሱ ሥርዓት አለው። ወንድሟ ደግሞ ገብስና ሰሊጥ እጇ ላይ ያደርግላታል ወደ እሳቱ እንድትጨምረው። አራት ጊዜ እሳቱን ይዞራሉ፣ ሰባቱ እርምጃ ከዛ ቀጥሎ ለብቻው ነው። እና ጠየቅኳት፣ አጎትሽ ፓስፖርት አለው? ወንድምሽ ፈቃድ ያገኛል? ሁለቱም አልነበረም። የአበባ ዲኮር ተመርጦ የሚያመጣት ሰው ግን ቲኬት አልተቆረጠለትም። ያን ቀን ሌሄንጋው ቆየ፣ አጎቷ ደሴ ሆነው ፎቶ እንዲነሱ ተደወለላቸው።

ፓንዲቱ ያወጣው ቀን ጥር ውስጥ ነው። ጉጅራቶች ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ጃንዋሪ 14 ካሙርታ የሚሉት ጊዜ አላቸው፣ ሰርግ አይደረግም፣ ጃንዋሪ 14 ኡታራያን በሚሉት በዓል ካይት (በክር የሚበር ወረቀት) ካበረሩ በኋላ ነው የሰርጉ ወቅት የሚከፈተው፣ እኛ ጋ ያ ቀን ጥር 6 ነው፣ የገና ጾም ተፈትቷል፣ ጥምቀት ደርሷል፣ አብይ ጾም ገና ነው። አጎቷ ቀኑ ሲነገራቸው "እነሱም በጥር ነው የሚድሩት?" ብለው ነው የተገረሙት፣ ያኔ ነው መጀመሪያ ድምፃቸው የለሰለሰው። አሁን ፓስፖርቱ ወጥቷል፣ የ30 ቀኑ ማስታወቂያ ሰርጉ ሳይደርስ እንዲያልቅ እሱ ቀድሞ ወደ አገሩ ይገባል፣ እሷ ደግሞ ሰባቱን ቃል በአማርኛ ጽፋ እንድሰማት ትልክልኛለች፣ አምስቱን ጨርሳለች፣ ስድስተኛው ላይ "ወቅቶች" የሚለውን "ክረምትም በጋም" አድርጊው አልኳት።